ስጦታው ሙያ ሲሆን፦ ድሃ ሴቶችን ወደ ሥራ ያሻገረው የሴቶች በጎ አድራጎት

ድህነት ከሴት ላይ የሚወስደው ገንዘብን ብቻ አይደለም፤ ጊዜዋንም ይወስዳል። ልጅ የምታሳድገው፣ ምግብ የምታበስለው፣ የታመመ የምታስታምመው፣ በተረፈው ሰዓት ደግሞ ሰው ቤት ሠርታ የዕለት ጉርስ የምታመጣው እሷው በመሆኗ የተሻለ ገቢ ያለው ሙያ የምትማርበት ፋታ የላትም። ሙያ ስለሌላት የምታገኘው ዝቅተኛ ደመወዝ ነው፤ ደመወዙ ዝቅተኛ ስለሆነም ረጅም ሰዓት መሥራት ግድ ይሆንባታል። ከዚህ አዙሪት ለማውጣት የሚሰጥ ርዳታ የዛሬን ርሃብ ከሚያስታግስ ምጽዋት የተለየ ነው። ሴቲቱን ስትማር ማኖር፣ ተምራ ስትወጣ ከሥራ ወይም ከገበያ ማገናኘት፣ ያገኘችውንም ገንዘብ የምታስቀምጥበትና የምታሳድግበት መንገድ መክፈት አለበት።

ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው ሌሎች ሴቶችን ለሙያ የሚያበቁበት ልማድ በብዙ ሀገሮች አለ። በሚገባ ተመዝግበው ከቆዩት ታሪኮች አንዱ ከባርነት ማግሥት በአሜሪካ የኖሩ ጥቁር ሴቶች የሠሩት ነው። በ1865 ባርነት በሕግ ሲቀር (በዚህ ዘገባ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነጻ ለወጡት ሴቶች የተከፈቱት በሮች ጥቂት ነበሩ፦ የጥጥ እርሻ፣ የነጮች ወጥ ቤት እና የልብስ ማጠቢያ ገንዳ። ፋብሪካው፣ ቢሮው፣ ሱቁና ባንኩ ለአብዛኞቹ ዝግ ነበር። እነዚህ ሴቶች ባለጸጋ እስኪደርስላቸው አልጠበቁም። ከእጥበትና ከወጥ ቤት ደመወዛቸው ሳንቲም እየቀነሱ ትምህርት ቤት፣ ባንክና የሙያ ማኅበር አቆሙ። የዛሬዎቹ የሙያ ሥልጠና ፕሮግራሞች በጥናት ያረጋገጡትን ብዙ ነገር እነሱ ከመቶ ዓመት በፊት በተግባር ያውቁት ነበር።

ከገንዳው ወደ ገበያው

ሳራ ብሪድላቭ በታኅሣሥ 1867 በሉዊዚያና ግዛት፣ ዴልታ በምትባል መንደር፣ በጥጥ እርሻ ላይ ተወለዱ። ወላጆቻቸው በዚያው እርሻ በባርነት የኖሩ ነበሩ፤ ከቤተሰቡ ነጻ ሆነው የተወለዱ የመጀመሪያዋ ልጅ እሳቸው ናቸው። በ7 ዓመታቸው ወላጅ አልባ ሆኑ። በ14 ዓመታቸው አገቡ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ባላቸው ሞቶባቸው ከሕፃን ሴት ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ወንድሞቻቸው በፀጉር አስተካካይነት ወደሚሠሩባት ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄደው ከአሥር ዓመት በላይ የሰው ልብስ አጠቡ። ገቢያቸው በቀን ከአንድ ዶላር ተኩል የሚያልፍ አልነበረም።

የዚያን ጊዜ የልብስ እጥበት የሙሉ ሳምንት ድካም ነበር። ውሃው በባልዲ ይቀዳል፣ በእሳት ይፈላል፤ ልብሱ እጅ በሚያቃጥል ሳሙና በመፈተጊያ ሰሌዳ ላይ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ይሰጣል፣ በምድጃ በሚግል ከባድ የብረት ካውያ ይተኮሳል። ወገብን የሚያጎብጥ፣ እጅን የሚልጥ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ብዙ እናቶች ከሰው ቤት ግርድና ይመርጡት ነበር፤ በገዛ ቤታቸው ልጆቻቸውን እያዩ ሊሠሩት ይችላሉና። ይህ ምርጫ ለኋላው ታሪክ ቁልፍ ነው። ልጅ ያላት ሴት ሥራን የምትመዝነው በደመወዙ ብቻ ሳይሆን ለልጇ በሚተወው ቦታም ጭምር ነው።

ሳራን በሴንት ሉዊስ የተቀበሏቸው የቅዱስ ጳውሎስ የአፍሪካ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኒቱ የነበረው የሴቶች ማኅበር ከደቡብ በባዶ እጃቸው ለሚመጡ ስደተኞች ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ ያፈላልግ ነበር። ከአባላቱ መካከል የተማሩና ደህና ኑሮ ያላቸው ነበሩበት። ልብስ አጣቢዋ ሳራ ከእነሱ ርዳታ ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር አገኙ፤ አለባበሳቸውን፣ አነጋገራቸውን፣ ስብሰባ የሚመሩበትን መንገድ በቅርብ አዩ። ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸውም ከአዋጪዎቹ ጎን ቆሙ። የእኚህን ሴት የልግስና ታሪክ በ2020 በመጽሐፍ ያወጡት ምሁር ታይሮን ፍሪማን የሚያጎሉትም ይህንኑ ነው፦ መስጠት የጀመሩት ከበለጸጉ በኋላ ሳይሆን ገና በድህነት ሳሉ ነው።

የሙያ ለውጡ የመጣው በፀጉር እንክብካቤ በኩል ነው። በዚያን ጊዜ ከኑሮ ጉድለትና ከንጽሕና አገልግሎት እጦት የተነሣ የራስ ቆዳ ሕመምና የፀጉር መነቃቀል በብዙ ጥቁር ሴቶች ላይ ይታይ ነበር፤ ሳራም ከታማሚዎቹ አንዷ ነበሩ። አኒ ተርንቦ የምትባል ነጋዴ የፀጉር ቅባት እያዘጋጀች በሴት ወኪሎች አማካይነት ትሸጥ ነበር፤ ሳራ የእሷ ወኪል ሆኑ። በ1905 ወደ ዴንቨር ተሻገሩ፣ በማግሥቱ ዓመት ቻርልስ ጆሴፍ ዎከርን አግብተው የራሳቸውን ምርት «ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር» በሚል ስም ለገበያ አቀረቡ። በ1908 በፒትስበርግ በልጃቸው ስም ሊሊያ ኮሌጅ የተባለ የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1910 ፋብሪካቸውን ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተከሉ።

የትምህርት ቤቱ አሠራር ቀላል ነበር። ተማሪዋ የራስ ቆዳ አጠባበቅን፣ ፀጉር አጠባና አሠራርን፣ ደንበኛ አያያዝን፣ ሽያጭንና ሒሳብ አመዘጋገብን ትማራለች። ከተማው ድረስ መምጣት ለማትችለው ትምህርቱ በፖስታ ይላክላታል፤ ክፍያው 25 ዶላር ነበር። ስትጨርስ የምስክር ወረቀት ትቀበላለች፣ ምርቱን በቅናሽ እየገዛች ትሸጣለች፣ በገዛ ቤቷ አንዲት ክፍል ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ልጇን እያየች፣ በራሷ ሰዓት፣ ለማንም አሽከር ሳትሆን ትኖራለች። ሙያው ትችት አላጣውም፤ ፀጉርን ማለስለስ ራስን መካድ ነው ያሉ የጥቁር ማኅበረሰብ መሪዎች ነበሩ። ማዳም ዎከር ደግሞ ዓላማቸው ጤናማ የራስ ቆዳና ለሴቶች የሚሆን የሥራ መስክ መሆኑን ደጋግመው ይመልሱ ነበር። ኩባንያው ያሠለጠናቸው ወኪሎች ወደ 20 ሺህ እንደሚደርሱ በዘመኑ ተነግሯል።

በ1912 በቺካጎ የብሔራዊው የጥቁሮች ንግድ ማኅበር ጉባኤ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ዝነኛው የጥቁሮች መሪ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ነበሩ። ማዳም ዎከር ንግግር እንዲያደርጉ ዕድል ቢጠየቅላቸውም ሊቀ መንበሩ ሌሎችን እየጠሩ አለፏቸው። በመጨረሻው ቀን ሴትየዋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሳይጋበዙ ተናገሩ። ከደቡብ የጥጥ እርሻ መምጣታቸውን፣ ከዚያ ወደ ማጠቢያው ገንዳ፣ ከገንዳው ወደ ወጥ ቤት መሸጋገራቸውን፣ ከዚያ በኋላ ግን ራሳቸውን በራሳቸው ወደ ንግድ ማሳደጋቸውንና ፋብሪካቸውን በገዛ መሬታቸው ላይ መሥራታቸውን ለጉባኤው አሰሙ። በማግሥቱ ዓመት በዚያው ጉባኤ ተጋባዥ ተናጋሪ ሆኑ።

ፊላደልፊያ፣ ነሐሴ 1917

በነሐሴ 1917 መጨረሻ ወደ 200 የሚሆኑ ሴቶች ፊላደልፊያ በሚገኘው ዩኒየን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ። ከየግዛቱ የመጡ የዎከር ወኪሎች ናቸው። ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወጥ ቤት ሠራተኞች፣ ልብስ አጣቢዎች ወይም የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። አሁን የራሳቸው ደንበኛ፣ የራሳቸው መዝገብ፣ ለባቡር የሚከፍሉት የራሳቸው ገንዘብ አላቸው። በአሜሪካ ሴት ነጋዴዎች ካደረጓቸው ቀደምት ሀገር አቀፍ ስብሰባዎች አንዱ ይህ ነው።

በስብሰባው ላይ ሽልማት ተሰጠ። ብዙ የሸጠችና ብዙ አዳዲስ ወኪሎች ያፈራች ተሸለመች። ሌላም ሽልማት ነበር፦ በምትኖርበት ከተማ ለበጎ ሥራ ብዙ ያዋጣች ወኪል እንደዚሁ ተሸለመች። ማዳም ዎከር ወኪሎቻቸው ለራሳቸው ሀብት ብቻ የሚጨነቁ ሳይሆኑ ለተቸገረ የሚደርሱ እንዲሆኑ ይፈልጉ ነበር። ጉባኤተኞቹ ከመበተናቸው በፊት በዚያው ዓመት በኢስት ሴንት ሉዊስ በጥቁሮች ላይ የደረሰውን ጭፍጨፋ በመቃወም ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ቴሌግራም ላኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስማቸውን የሚጠራ ያልነበራቸው ሴቶች ለሀገሪቱ መሪ በማኅበር ስም አቤት አሉ።

ማዳም ዎከር በግንቦት 1919 ሲሞቱ የተዉት ኑዛዜም ከዚህ ሐሳብ አልራቀም። ከኩባንያው የወደፊት የተጣራ ትርፍ ሁለት ሦስተኛው ለበጎ አድራጎት እንዲውል፣ ኩባንያውን ሁልጊዜ ሴት እንድትመራው አዘዙ። ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያዎች፣ ለአረጋውያን መጦሪያዎችና ለትምህርት ቤቶች በስማቸው የተመደበ ገንዘብም ነበረ።

ሳንቲም የሚቀበል ባንክ

ሙያ ያላት ሴት ገንዘብ ስታገኝ የምታኖርበት ያስፈልጋታል። ይህን ክፍተት የሞሉት በቨርጂኒያ ግዛት የሪችመንድ ከተማዋ ማጊ ሊና ዎከር ናቸው፤ ከማዳም ዎከር ጋር የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። እናታቸው ባላቸው ሲሞት በልብስ እጥበት ቤተሰቡን ያኖሩ ሴት ነበሩ፤ ማጊም በልጅነታቸው የታጠበውን ልብስ ለደንበኞች ያመላልሱ ነበር። በ1899 የቅዱስ ሉቃስ ነጻ ማኅበር መሪ ሆነው ተመረጡ። ማኅበሩ አባላት በየጊዜው እያዋጡ ሲታመሙ የሚረዱበት፣ ሲሞቱ የሚቀበሩበት ነበር፤ የሀገራችንን ዕድር ለሚያውቅ አንባቢ ሥራው እንግዳ አይሆንበትም።

ማጊ ዎከር ከቀብር ባሻገር አዩ። የአባላቱ መዋጮ በነጮች ባንክ ተቀምጦ ሌላውን ከሚያበለጽግ የራሳችን ባንክ ይኑረን አሉ። በኅዳር 1903 የቅዱስ ሉቃስ የሳንቲም ቁጠባ ባንክ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ከ9 ሺህ ዶላር በላይ አስቀመጡ። ከእነሱ መካከል 31 ሳንቲም ብቻ ይዞ የመጣም ነበረ፤ ባንኩም ሒሳብ ከፈተለት። ማጊ ዎከር በአሜሪካ ባንክ አቋቁመው በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ።

ባንኩ ለሴቶች ሁለት ነገር አደረገ። የመጀመሪያው ቁጠባውና ብድሩ ነው፤ ልብስ አጣቢዎችና ሠራተኞች ቀስ በቀስ የቤት ባለቤት እንዲሆኑ አገዘ። ሁለተኛው ሥራ ነው። ማኅበሩ ባንኩን፣ ጋዜጣውንና በ1905 የከፈተውን ሱቅ ሲያስፋፋ ለወጣት ጥቁር ሴቶች የጸሐፊነት፣ የሒሳብ ሠራተኛነትና የሻጭነት ቦታ ፈጠረ። ነጮች በያዟቸው መሥሪያ ቤቶች ለእነዚህ ሴቶች እንዲህ ያለ ሥራ ከቶ አይታሰብም ነበር። ሥልጠናውም ቅጥሩም ከአንድ ቤት ወጣ።

በኮረብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት

ሦስተኛዋ ሴት ናኒ ሄለን በሮውስ ናቸው። በ1879 በቨርጂኒያ ተወልደው በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ወደ ዋሽንግተን ዲሲ መጡ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት ቢመረቁም በከተማው ትምህርት ቤቶች የቤት አያያዝ መምህርት ለመሆን ያቀረቡት ጥያቄ ውድቅ ተደረገ። ይህ ቁጭት ያለ አድልዎ የሚቀበል የሴቶች ትምህርት ቤት የማቋቋም ሐሳብ ወለደባቸው። በ1900 በሪችመንድ በተደረገው የጥቁር ባፕቲስቶች ጉባኤ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳሉ፣ ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ሥራ ተሳትፏቸው ስለመታገዱ ተናገሩ፤ በዚያው ጉባኤ የሴቶች ኮንቬንሽን ተመሠረተ። ይህ ድርጅት በቀጣዮቹ ዓመታት ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ መሰብሰቢያ ዋና ክንድ ሆነ።

ሐሳባቸውን የሰሙ ታላላቅ ሰዎች ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብለው ተጠራጠሩ፤ ከነጭ ባለጸጎች ካልሆነ አይሳካም የሚለው አስተያየት የበረታ ነበር። በሮውስ ግን ወደ ጥቁር ሴቶች ዞሩ። በየአጥቢያው ያሉ ሴቶችና ሕፃናት ሳንቲምና ጥቂት ዶላር ላኩ። ከትልልቆቹ ስጦታዎች አንዱ የማጊ ዎከር 500 ዶላር ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ዋሽንግተን፣ ሊንከን ሃይትስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ስድስት ኤከር መሬት ከአንድ አሮጌ የእርሻ ቤት ጋር ተገዛ። በጥቅምት 1909 የሴቶችና የልጃገረዶች ብሔራዊ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት በጣት በሚቆጠሩ ተማሪዎች ሥራ ጀመረ። ቦታው ዛሬ ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው አንዷ በሆነችው ዋሽንግተን ውስጥ በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቦ ይገኛል።

የትምህርት ቤቱ ቀን የሚጀምረው በጽዳት ነው። በሮውስ ትምህርታቸው በሦስት ነገሮች ላይ እንደቆመ ይናገሩ ነበር፦ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በገላ መታጠቢያና በመጥረጊያ። አልጋ አነጣጠፍ፣ ጠረጴዛ አቀራረብ፣ የወጥ ቤት ሒሳብ በጥብቅ ይመረመራል። ተማሪዎቹ ልብስ ስፌት፣ ጽሕፈት፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የሕሙማን እንክብካቤ፣ የማተሚያ ሥራ፣ ሌላው ቀርቶ ለሴት የማይታሰበውን ጫማ ጥገና ይማራሉ። ማንኛዋም ተማሪ የጥቁሮችን ታሪክ ሳትማር አትመረቅም ነበር። ሰው ቤት ተቀጥራ ብትሠራ እንኳ ራሷን ዝቅ አድርጋ እንዳታይ ይፈለግ ነበር።

በሮውስ የሰው ቤት ሥራን አልናቁትም፤ የተናቀ ሆኖ እንዲቀጥል ግን አልፈቀዱም። አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች የሚያገኙት ሥራ ይህ ከሆነ ሥራው እንደ ሙያ ይከበር፣ ሠራተኛዋ ትሠልጥን፣ ደመወዟም ይስተካከል የሚል አቋም ነበራቸው። በዚሁ መሠረት በ1921 የደመወዝተኞች ብሔራዊ ማኅበርን አቋቋሙ፤ ማጊ ዎከርም ከመሪዎቹ አንዷ ሆኑ። ሥልጠና ብቻውን የአሠሪን ልብ እንደማያለሰልስ፣ የሠለጠነች ሴት የመደራደር አቅም እንደሚያስፈልጋት ተረድተው ነበር። በሮውስ ትምህርት ቤቱን እስከ ሞቱበት እስከ 1961 መሩ።

አዋጪዎቹ ዛሬ

የሴቶች በጎ አድራጎት ከ1970ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ አዲስ መልክ ያዘ። በ1973 አካባቢ የሴቶች መብት ታጋይዋ ግሎሪያ ስታይነምና ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት ሚስ ፋውንዴሽን ለሴቶች ጉዳይ ብቻ ገንዘብ የሚሰጥ ቀደምት ተቋም ሆነ፤ ከእሱ በኋላ በየከተማው የሴቶች ፈንዶች ተስፋፉ። በ2001 ደግሞ ዌንዲ ስቲል የተባሉ ሴት በሲንሲናቲ ከተማ አንድ ቀላል ዘዴ ጀመሩ፦ ቢያንስ 100 ሴቶች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበው 100 ሺህ ዶላር በአባላቱ ድምፅ ለአንድ ድርጅት በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ኢምፓክት 100 በሚባለው በዚህ መንገድ አንዲት ሴት ብቻዋን ልትሠራው የማትችለውን በማኅበር ትሠራዋለች፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድም እያንዳንዷ እኩል ድምፅ አላት።

የሥልጠናው ዓይነትም እየተለያየ መጣ። በ1978 በኒው ዮርክ የተቋቋመ አንድ ድርጅት ሴቶችን ለግንባታ፣ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ ሥራ ያለ ክፍያ ያዘጋጃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለሴት «የሚገባ» ከሚባሉት ከብዙዎቹ ሥራዎች ይልቅ እነዚህ ሙያዎች ቤተሰብ የሚያኖር ደመወዝ ይከፍላሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ ናንሲ ሉብሊን የተባሉ የሕግ ተማሪ ከቅድመ አያታቸው በወረሱት 5,000 ዶላር ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሆን ልብስ ለድሃ ሴቶች የሚሰጥ ድርጅት ጀመሩ። ሠልጥና ለቃለ መጠይቅ የምትለብሰው ያጣች ሴት ደጁ ላይ ደርሳ ትመለሳለችና።

በደንብ ከተመረመሩት ፕሮግራሞች አንዱ የቴክሳሱ ፕሮጀክት ክዌስት ነው። በ1990 በሳን አንቶኒዮ ከተማ አንድ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ተዘግቶ ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኞች ተበተኑ፤ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ምእመናን በየቤቱ እየተሰበሰቡ መከሩ። በከተማዋ ሥራ መኖሩን አዩ፤ ነገር ግን ሆስፒታሎቹ የሚፈልጉትን ሙያ የሰፈሩ ሰው አልያዘም። አሠሪዎችን ሄደው ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ጠየቁ፤ ከተማውንና ግዛቱን ገንዘብ እንዲመድቡ አሳመኑ፤ በ1992 ፕሮግራሙ ተጀመረ። ተማሪዎች በመንግሥት ኮሌጅ እንደ ነርስነት ያለ ሙያ ይማራሉ። ፕሮግራሙ የትምህርት ክፍያን፣ የመጽሐፍና የትራንስፖርት ወጪን ይረዳል፣ የሒሳብ ድክመት ያለባትን ያስጠናል፣ በየሳምንቱ ከአማካሪ ጋር ያገናኛል። በዕጣ የተመረጡትን ካልተመረጡት ጋር ያነጻጸረው ጥናት በዘጠነኛው ዓመት የተመረጡት ገቢ በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ብልጫ እንዳለው አሳይቷል። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ሥልጠና ሲከሽፍና ሲሳካ

ሥልጠና የሚባል ነገር ሁሉ ገቢ አያመጣም። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 በሚሆኑ ጥቃቅን ነጋዴዎች ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳየ። የተለመደውን የሒሳብና የንግድ አያያዝ ትምህርት የወሰዱት ትርፋቸው አስተማማኝ በሆነ ደረጃ አላደገም። በራስ ተነሣሽነት ላይ ያተኮረውን፣ ማለትም ዕድል ፈልጎ ማግኘትን፣ ከሌላው የተለየ ነገር ማቅረብንና እንቅፋትን ተቋቁሞ መቀጠልን ያስተማረውን ሥልጠና የወሰዱት ግን ትርፋቸው በአማካይ 30 በመቶ ጨመረ፤ የሴቶቹ 40 በመቶ ደርሷል።

በኢትዮጵያም ትልቅ ትምህርት የሰጠ ምርምር አለ። ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት ድርጅቶች ለፋብሪካና ለእርሻ ሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎችን በዕጣ ከፈሏቸው፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንዱ ክፍል ሥራውን አገኘ፣ ሁለተኛው የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብ ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸው ካልተቀጠሩት አልበለጠም፣ የጤና ችግርም በዛባቸው። መነሻ ገንዘብ ያገኙት ገቢያቸው በአንድ ዓመት ውስጥ በሲሶ ያህል አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ሦስቱም ክፍሎች ተቀራረቡ። የአንድ ጊዜ ድጋፍ በር ይከፍታል፤ ተከታይ ብድር፣ ገበያና ምክር ካልመጣ ግን በሩ ተመልሶ ይዘጋል።

የበለጠ ሙሉ የሆነው ዘዴ በባንግላዴሹ ብራክ ድርጅት በ2002 የተጀመረው ነው። ለእጅግ ድሃ ሴቶች ላም ወይም ሌላ ጥሪት ይሰጣል፤ አያያዙን ያስተምራል፤ ጥሪቱ ፍሬ እስኪሰጥ የቀለብ ድጎማ ይከፍላል፤ ያስቆጥባል፤ በየጊዜው ቤታቸው ሄዶ ይጎበኛቸዋል። ይኸው ዘዴ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት ሀገሮች ተሞክሮ በ2015 ውጤቱ ታተመ። ፕሮግራሙ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም የቤተሰቦቹ ፍጆታ፣ ጥሪትና ቁጠባ ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ውጤቶቹ ሲደመሩ የሚመጣው ሐሳብ ሦስቱ የአሜሪካ ሴቶች ከሠሩት ጋር ይገጥማል። አራት ነገሮች አብረው መሄድ አለባቸው፦ ገበያ የሚፈልገው ሙያ፤ በሥልጠናው ወቅት የምትኖርበት ድጋፍና የልጅ ጠባቂ፤ ከሥልጠናው በኋላ መነሻ ገንዘብና የቁጠባ ቦታ፤ እንዲሁም ሴቶቹ ራሳቸው ድምፅ የሚኖራቸው ማኅበር። ማዳም ዎከር ሙያውንና ገበያውን አገናኙ፤ ማጊ ዎከር ቁጠባውንና ብድሩን አመጡ፤ በሮውስ ማደሪያ ያለው ትምህርት ቤትና የሠራተኞች ማኅበር ገነቡ። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል የሌሎቹም ልፋት ይባክናል።

በእኛ ደጅ

በኢትዮጵያ የሴቶች ልግስና ረጅም ታሪክ አለው። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ ያዩት ረሃብ ሕይወታቸውን ለወጠው። ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ትዳራቸውን ትተው፣ ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ አሳደጓቸው። ማኅበራቸው ሲያድግ ወላጅ አልባ ልጆችን ማሳደግ ብቻውን እንደማይበቃ ስላዩ ለወጣቶችና ለሴቶች የሙያ ሥልጠናና የገቢ ማስገኛ ሥራ ጨመሩ። እናትየው ገቢ ካላት ልጇ ወደ ማሳደጊያ አይመጣምና።

የመነሻ ገንዘብ ችግርን የነካው ደግሞ እናት ባንክ ነው። በ11 ሴቶች መሥራችነት ተነሥቶ በ2013 ሥራ ጀመረ፤ ከባለአክሲዮኖቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ብዙ ሴቶች ብድር የሚከለከሉት ሥራ ስለማይችሉ ሳይሆን ቤቱና መሬቱ በስማቸው ስላልሆነ ማስያዣ አጥተው ነው። ባንኩ አቅም ያላቸው ሰዎች የሚያስቀምጡት ገንዘብ ማስያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስትና የሚሆንበትን አሠራር ዘርግቷል። ሰጪዋ ገንዘቧን አታጣም፤ ተበዳሪዋም ለማኝ አትሆንም።

ዕድርና ዕቁብ፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር በየሰፈሩ አለ። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይና በለንደን ያሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶችም በማኅበር ተደራጅተው ለወገን ይልካሉ። እስካሁን ከሚዋጣው ብዙው ለቀብር፣ ለሕክምናና ለድንገተኛ ችግር ይውላል፤ ይህም መቅረት የለበትም። ከዚያው መዋጮ ጥቂቱ ለአንዲት ሴት ሙሉ መንገድ ቢመደብ ግን ውጤቱ ለትውልድ ይተርፋል። ከሰው ቤት ወጥታ ልብስ ስፌት የምትማርን ልጅ ስፌቱን ብቻ አስተምሮ መልቀቅ ገንዘብን ማባከን ነው። የልጇን ጠባቂ፣ የታክሲውን፣ የቤት ኪራዩን፣ ከዚያም የስፌት መኪናውን መግዣ፣ የመጀመሪያውን ደንበኛና ቢያንስ የአንድ ዓመት ክትትል መመደብ ያስፈልጋል። ሃያ ሴቶችን በግማሽ ከመርዳት አምስት ሴቶችን እስከ መጨረሻው ማድረስ ይሻላል። ማኅበር ያላችሁ፣ ማኅበር የምትመሩ ሁሉ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አንድ ጥያቄ አንሡ፦ የዚህች ሴት ወጪ እስከ መጨረሻው ተሸፍኗል ወይ? ካልተሸፈነ፣ ሌላ ሰው ከመጨመራችሁ በፊት መጀመሪያ የእሷን ሙሉ።